ትክክል የመሰለው ቆጠራ፦ በወባ ኢንዛይም ውስጥ የቅሪቶች ንክኪ ሲመረመር (የጉዳይ ጥናት፣ ድሬዳዋ)

ድሬዳዋ ላይ ወባ ለምን እንደሚጠና ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 በደረቁ ወራት የተነሳው ወረርሽኝ ከእስያ ከመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ጋር ተያይዟል፤ ይህች ትንኝ በየግቢው ባለው ሮቶና በርሜል ውሃ ውስጥ ትራባለች። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራዋ የወባ ተሕዋስን ኢንዛይም የመረጠችውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ቤተ ሙከራ አላስፈለጋትም። ሥራው በሙሉ በአንድ ላፕቶፕ፣ በባዮፓይተን (የሥነ ሕይወት መረጃ በሚተነትን መርሃ ግብር) እና ማንም በነጻ በሚያወርዳቸው የፕሮቲን መዋቅር ፋይሎች ተሠራ።

ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ ፒሪሜታሚን የተባለው የወባ መድኃኒት በዘረመል ለውጥ (ሚውቴሽን) የተለወጠውን ኢንዛይም አጥብቆ መያዝ ለምን አቃተው?

ፒሪሜታሚን ከሰልፋዶክሲን ጋር ተጣምሮ ብዙ ሰው ፋንሲዳር ብሎ የሚያውቀው መድኃኒት ነው። በአገራችን ክሎሮኪንን ተክቶ የፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ሕክምና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ለአርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ለቀቀ። የሚያጠቃው ኢንዛይም ዲሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ ይባላል። በወባ ተሕዋስ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ለብቻው አይገኝም፤ ከታይሚዲሌት ሲንቴዝ ጋር በአንድ ሰንሰለት ተያይዞ 608 ቅሪት ይሆናል። ከ1 እስከ 231 ያለው ሪዳክቴዙ ነው፤ ከ232 እስከ 320 ማገናኛው፣ ከ321 እስከ 608 ደግሞ ሲንቴዙ። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰንሰለቶች ተጣምረው ይሠራሉ።

ቅሪት የሚባለው አሚኖ አሲዱ በሰንሰለቱ ውስጥ ከተያያዘ በኋላ የሚቀረው አካሉ ነው። ንክኪ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጀጎልን ማሰብ ይበቃል። ሁለት ቤቶች አንድ ግድግዳ ተጋርተው ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ፤ በሮቻቸው ግን በተለያየ ቀጭን መንገድ ስለሚከፈቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ መዞር አለ። ፕሮቲንም ሲተጣጠፍ እንደዚያው ነው። ቅሪት 14፣ ቅሪት 54 እና ቅሪት 164 በሰንሰለቱ ላይ በጣም ይራራቃሉ፤ ከ54 እስከ 164 ብቻ 110 ደረጃ አለ። ሦስቱም ግን የመድኃኒቱን ቀለበት ከየአቅጣጫው ይይዛሉ። የ54 አስፓርቴት በአሉታዊ ሙላቱ ይይዛል፤ የ14 እና የ164 አይሶሉሲኖች ደግሞ በዋናው ሰንሰለታቸው ኦክስጅን አማካይነት የሃይድሮጅን ትስስር ይፈጥራሉ።

ተሕዋሱ መድኃኒቱን እንዲላመድና እንዲቋቋም የሚያደርጉት አራት ለውጦች የታወቁ ናቸው። በ51 አስፓራጂን ወደ አይሶሉሲን፣ በ59 ሲስቴይን ወደ አርጂኒን፣ በ108 ሴሪን ወደ አስፓራጂን፣ በ164 አይሶሉሲን ወደ ሉሲን ይለወጣሉ። በምሥራቅ አፍሪካ ተደጋግመው አብረው የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ አራተኛው ይበልጥ የሚታወቀው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት

ተማሪዋ ሁለት ፋይል አወረደች፦ ያልተለወጠውን ኢንዛይም የያዘውን 1ጄ3አይ እና የ59 እና የ108 ለውጦች ያሉበትን 1ጄ3ጄ። ሁለቱም የታይላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ካደረጉት ሥራ የመጡ ናቸው። ከመድኃኒቱ አቶሞች በ4.5 አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የፕሮቲን አቶም ቆጠረች። የተለወጠው ኢንዛይም ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ንክኪ አነሰ። «ለውጡ ንክኪ ያሳጣል፤ መድኃኒቱ የሚላላው ለዚህ ነው» ብላ ጻፈች። ሁሉም የሚጠብቀው መልስ ስለነበር ረቂቁ ያለ ጥያቄ አለፈ።

ስህተቱ የታየው በግምገማ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሲነሳ ነው፦ በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ ያለው መድኃኒት አንድ ነው? አልነበረም። 1ጄ3ጄ ፒሪሜታሚንን ይዟል። 1ጄ3አይ ውስጥ ያለው ደብልዩ-አር 99210 የሚባል ሌላ ውህድ ነው። ሃይድሮጅንን ሳንቆጥር ፒሪሜታሚን 17 አቶም አለው፤ ደብልዩ-አር 99210 ደግሞ 24። ከሌላው በሰባት አቶም የሚበልጥ ውህድ የበለጠ ንክኪ ቢኖረው ምንም አያስገርምም። የታየው ልዩነት ከለውጡ ሳይሆን ከመድኃኒቱ መጠን የመጣ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ስህተት አደገኛ የሚሆነው ድምዳሜው እውነት ስለሚመስል ነው። መድኃኒቱ በእርግጥ የተለወጠውን ኢንዛይም ይይዛል፤ ግን ልል አድርጎ ነው። ድምዳሜው ትክክል ሲሆን መንገዱን መልሶ የሚፈትሽ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ከማናቸውም ቆጠራ በፊት የፋይሉን ራስጌ ማንበብ ግዴታ ነው። በአሮጌው የፋይል ዓይነት (ፒ-ዲ-ቢ) ሪማርክ 2 የምስሉን ጥራት ይነግራል። ሪማርክ 350 ሕይወት ባለው ሴል ውስጥ ያለውን ጥምረት፣ ሪማርክ 465 ያልታዩትን ቅሪቶች፣ ሪማርክ 470 ያልታዩትን አቶሞች ይዘረዝራል። የተለወጡት ቅሪቶች ሴክ-አድቭ በሚባሉት መስመሮች ተመዝግበዋል። መድኃኒቱ የሚታወቀው በሦስት ፊደል መለያው ነው፦ ፒሪሜታሚን ሲ-ፒ-6፣ ደብልዩ-አር 99210 ደብልዩ-አር-ኤ፣ ኢንዛይሙን በሥራው የሚረዳው ሞለኪውል (ረዳቱ) ኤን-ኤ-ዲ-ፒ-ኤች ደግሞ ኤን-ዲ-ፒ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ንባብ ነው።

ትክክለኛው ጥንድ 3ኪውጂቲ እና 1ጄ3ጄ ነው። ሁለቱም ፒሪሜታሚን ይዘዋል፤ 3ኪውጂቲ ያልተለወጠው ኢንዛይም ነው። አራቱንም ለውጦች የያዘው 3ኪውጂ2 እንደ ሦስተኛ ማነጻጸሪያ ገባ።

ፋይሉ ውስጥ ያሉ ወጥመዶች

ጥንዱ ከተስተካከለ በኋላም ቆጠራው ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል።

የመጀመሪያው ችግር የሰንሰለት ስያሜ ነው። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ ማገናኛው በከፊል ስለማይታይ አንዱ ሰንሰለት ለሁለት ተከፍሎ ተሰይሟል። ሪዳክቴዙ ያለበት ክፍል ኤ እና ቢ ይባላል፤ ሲንቴዙ ያለበት ሲ እና ዲ። ይህን ያላስተዋለ ሰው ኤ ከሲንቴዝ ክፍል ጋር ያለውን ንክኪ «በሁለት ፕሮቲኖች መካከል ያለ» ብሎ ይመዘግባል። ከፊሉ ግን በአንዱ ፕሮቲን ውስጥ ያለ ንክኪ ነው።

ሁለተኛው የተማሪዋ መርሃ ግብር የቅሪት ቁጥርን ብቻ መለያ ማድረጉ ነው። የኤ 108 እና የቢ 108 በዝርዝሩ ላይ አንድ ሆኑ፤ በአንዱ ብቻ ያለ ንክኪም ለሁለቱ ተመዘገበ። መለያው ሰንሰለትን፣ ቁጥርንና የጭማሪ ፊደልን አብሮ መያዝ አለበት። በአሮጌው ፋይል የጭማሪው ፊደል የሚቀመጠው በ27ኛው ዓምድ ነው። በአዲሱ ኤም-ኤም-ሲፍ ፋይል ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፦ ተመራማሪዎቹ የሰጡት እና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የፕሮቲን መዝገብ ከ1 ጀምሮ የቆጠረው። በሥነ ጽሑፉ «108» የሚባለው የተመራማሪዎቹ ቁጥር ነው። አንዱን ፋይል በአንደኛው፣ ሌላውን በሁለተኛው ማንበብ ሁሉንም ነገር ያዛባል፤ የስህተት መልእክት ግን አይመጣም።

ሦስተኛው ያልታዩት ቅሪቶች ናቸው። በሪዳክቴዙ ውስጥ ከ86 ገደማ እስከ 95፣ በማገናኛው ውስጥ ደግሞ ከ232 ጀምሮ ረዘም ያለ ክፍል መዋቅሩ በተወሰደበት የፕሮቲን ክሪስታል ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ምስሉ ላይ አይወጣም። በአንዱ ፋይል የታየ፣ በሌላው ያልታየ ቅሪት ካለ የእሱ ንክኪዎች «የጠፉ» ይመስላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሁሉም ፋይሎችና በሁለቱም ቅጂዎች (በኤ እና በቢ) የታዩትን ቅሪቶች ብቻ ማስቀረት፣ የቀሩትን ከሁሉም ማውጣት። የወጡት የትኞቹ እንደሆኑ በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል።

አንዳንድ አቶሞች በሁለት አማራጭ ቦታ ተመዝግበው ይገኛሉ። የአማራጩ ፊደል በ17ኛው ዓምድ፣ የድርሻው መጠን ከ55ኛው እስከ 60ኛው ዓምድ ነው። ሁለቱንም መቁጠር አንድን አቶም ሁለቴ መቁጠር ነው፤ ድርሻው የሚበልጠው ይመረጣል። የውሃ ሞለኪውሎች ከቆጠራው ይወጣሉ፤ በምስሉ ላይ የሚሳሉት ውሃዎች ብዛት ከምስሉ ጥራት ጋር ስለሚለዋወጥ።

ንክኪ ማለት ስንት አንግስትሮም ነው?

ይህ ጥያቄ የሙያው ልብ ነው። ንክኪ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ፋይሉ የያዘው የአቶሞችን ቦታ ብቻ ነው። ንክኪውን የሚፈጥረው መስፈርቱ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ሁለት መስፈርቶች ጎን ለጎን ተወሰዱ። የመጀመሪያው የሁለት ቅሪቶች ቤታ ካርቦኖች (ከዋናው ሰንሰለት ወደ ጎን የሚወጣው የጎን ሰንሰለት የመጀመሪያ ካርቦኖች) ከ8 አንግስትሮም በታች መራራቃቸው ነው፤ ቤታ ካርቦን የሌለው ግላይሲን በአልፋ ካርቦኑ ይወከላል። ይህ መስፈርት የጎን ሰንሰለቱ ቢተልቅ ቢያንስ አይነካም፤ የዋናው ሰንሰለት መንቀሳቀስን ለማየት ይመቻል። ሁለተኛው ከሃይድሮጅን ውጭ ያሉ ማናቸውም ሁለት አቶሞች በ4.5 አንግስትሮም ውስጥ መገኘታቸው ነው። የጎን ሰንሰለቶች ምን እንደሚነኩ የሚያሳየው ይህ ነው፤ ችግሩ መጠንን ማዳላቱ ነው። ሴሪን 6 አቶም አለው፣ አስፓራጂን 8፤ ሲስቴይን 6፣ አርጂኒን 11። አራቱ ለውጦች ተደምረው በእያንዳንዱ ሰንሰለት 7 አቶም ይጨምራሉ። ትልቅ ቅሪት ብዙ ይነካል፤ ይህ ብቻውን ስለ መድኃኒቱ ምንም አይናገርም።

በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤት የሆኑ ቅሪቶች ሁልጊዜ ስለሚነካኩ ብዙ ሰው የቁጥር ልዩነታቸው ከ4 በታች የሆነውን ይጥላል። ከ231 ቅሪት 26,565 ጥንድ ይወጣል፤ እነዚያ ሲጣሉ 25,878 ይቀራል። እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ51 አንስቶ ያለው አካባቢ ጥምዝ ነው፤ በጥምዝ ላይ ደግሞ 51 እና 54 ጎረቤት ናቸው፣ ልዩነታቸው 3። መድኃኒቱን በሙላት የሚይዘው 54 ነው። ማጣሪያው በጭፍን ከተተገበረ ከተለወጠው 51 ወደ 54 ያለው ቀጥተኛ መንገድ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ስለዚህ ለአጠቃላይ ካርታው ማጣሪያው ይሠራል፤ በመድኃኒቱ ዙሪያ ላሉት ቅሪቶች ግን አይሠራም።

ልዩ ትስስሮች የራሳቸው ልክ አላቸው። ለሃይድሮጅን ትስስር በናይትሮጅንና ኦክስጅን መካከል እስከ 3.5 አንግስትሮም፣ ለሙላት ትስስር እስከ 4.0 ይወሰዳል። እዚህ አንድ የተደበቀ ጉድለት አለ። ብዙ መርሃ ግብሮች የሙላት ትስስርን የሚፈልጉት በአርጂኒን ወይም በላይሲን እና በአስፓርቴት ወይም በግሉታሜት መካከል ብቻ ነው። ፒሪሜታሚን በኢንዛይሙ ውስጥ ሲቀመጥ አንዱ የቀለበቱ ናይትሮጅን ፕሮቶን ተቀብሎ አዎንታዊ ይሆናል፤ ከ54 አስፓርቴት ጋር ያለው ዋናው መያዣም ይኸው ነው። መርሃ ግብሩ መድኃኒቱን ስለማያውቀው ዝርዝሩ ላይ ይህ ትስስር ባዶ ሆኖ ይወጣል፤ በእጅ መጨመር አለበት።

ሌላው የ108 አስፓራጂን ራሱ ነው። በዚህ የምስል ጥራት የጎን ሰንሰለቱ ኦክስጅንና ናይትሮጅን በቅርጽ አይለዩም፤ ተገላብጠው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሞልፕሮቢቲ የሚባለው መፈተሻ ሃይድሮጅን ጨምሮ የትኛው አቀማመጥ እንደሚሻል ይናገራል። ጉዳዩ ሁሉ በዚህ ቅሪት ላይ ሲያርፍ ይህን ሳይፈትሹ ማለፍ አይገባም።

ዳግም ቆጠራው

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። እያንዳንዱ ፋይል ተነበበ፤ ኤ እና ቢ ተለያይተው፣ ከ1 እስከ 231 ያለው ክፍል ከመድኃኒቱና ከረዳቱ ጋር ተወሰደ። በባዮፓይተን የጎረቤት ፍለጋ እስከ 6 አንግስትሮም ያሉ የአቶም ጥንዶች በሙሉ ከነርቀታቸው በአንድ ሠንጠረዥ ተቀመጡ። ርቀቱ አንዴ ከተቀመጠ መስፈርቱን መቀያየር ማጣሪያ መቀየር ብቻ ነው፤ እንደገና ማስላት አያስፈልግም። የቤታ ካርቦኑ 8 አንግስትሮም ለብቻው ይሰላል፤ ከ6 ውጭ ስለሆነ። ስሌቱ ከባድ ማሽን አይጠይቅም፤ መብራት በሚጠፋባት ከሰዓት በላፕቶፑ ባትሪ ያልቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣው እርምጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜም ይዘለላል። ኤ እና ቢ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ናቸው፤ በአንድ ክሪስታል፣ ከአንድ መድኃኒት ጋር። ሆኖም የንክኪ ዝርዝራቸው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከለውጡ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የመለኪያው ጫጫታ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ኤ ከቢ ጋር በየፋይሉ ይነጻጸራል፤ ያልተለወጠው ከተለወጠው ጋር የሚነጻጸረው ከዚያ በኋላ ነው። ለማነጻጸር የጋራዎቹ ብዛት ለሁሉም ድምር ይካፈላል፤ በድምሩ ውስጥ የጋራው ንክኪ አንዴ ብቻ ይቆጠራል። ለምሳሌ ሁለት ዝርዝሮች እያንዳንዳቸው 200 ንክኪ ኖሯቸው 180ው የጋራ ቢሆን፣ የሁሉም ድምር 220 ነው፤ ውጤቱ 0.82። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል 0.82 ከወጣ በሁለት ፋይሎች መካከል የሚወጣ 0.82 ዜና አይደለም።

የእያንዳንዱ ንክኪ ፈተናም ተመሳሳይ ነው። በ4.0፣ በ4.5 እና በ5.0 የሚጸና፣ በሰንሰለት ኤ እና በሰንሰለት ቢ የሚታይ ንክኪ ብቻ «ተለወጠ» ወይም «ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። በእንዲህ ያለ መዋቅር የአቶም ቦታ በአንግስትሮም አሥረኛዎች ይወዛወዛል። በአንዱ ፋይል 4.4፣ በሌላው 4.6 የሆነ ጥንድ «ንክኪ ጠፋ» ማለት የመስመሩን ቦታ እንጂ የፕሮቲኑን ሁኔታ አይገልጽም።

ይህን ሁሉ አልፎ የቀረው ነገር ከመጀመሪያው ድምዳሜ ጋር ይቃረን ነበር። በ108 ላይ የንክኪው ቁጥር አልቀነሰም፤ ጨመረ። አስፓራጂኑ ከፒሪሜታሚን ክሎሮፌኒል ቀለበት አጠገብ ስለሚቆም ከሴሪኑ በላይ ይነካዋል። ተማሪዋ ይህን ስታይ ቆጠራው እንደገና የተበላሸ መስሏት ነበር።

አልተበላሸም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሳጥን ቢገባ ከግድግዳው ጋር ብዙ ይነካካል፤ ይህ ግን ተመችቶታል ማለት አይደለም። የርቀት መስፈርት የላይኛውን ወሰን ብቻ ያያል፤ ተስማምቶ መቀመጥና መገፋፋት አንድ ላይ ይቆጠራሉ። የታችኛው ወሰን የሚመጣው ከአቶሞቹ ግማሽ ስፋት ነው፦ ካርቦን 1.70፣ ናይትሮጅን 1.55፣ ኦክስጅን 1.52፣ ክሎሪን 1.75። ናይትሮጅንና ክሎሪን ሲደመሩ 3.30 ይሆናሉ፤ ከዚህ በ0.4 ወይም ከዚያ በላይ ከተጠጋጉ፣ ማለትም ርቀታቸው 2.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ግጭት ነው። የሃይድሮጅን ትስስር ያላቸው ጥንዶች ብቻ ከዚህ ነጻ ይሆናሉ።

አንድ ተጨማሪ ረቂቅ ነጥብ አለ። በ1ጄ3ጄ ውስጥ ግጭቱን በቀጥታ መፈለግ ብዙም አያገኝም፤ ክሪስታሉ የሚያሳየው ከግጭቱ በኋላ የተደረሰበትን ስምምነት ነው። መድኃኒቱ ትንሽ ተገፍቷል፣ አካባቢውም ቦታ ለቅቆለታል። ግጭቱን ለማየት የ1ጄ3ጄ መዋቅር በ3ኪውጂቲ ላይ ይነባበራል፤ ለማነባበሪያ የሚወሰዱት የዋናው ሰንሰለት አቶሞች ናቸው፣ 108 እና በዙሪያው ያሉት ይወጣሉ። ከዚያ የተለወጠው ኢንዛይም 108 ባልተለወጠው ኢንዛይም ውስጥ ካለው የመድኃኒት ቦታ ጋር ይለካል። አስፓራጂኑ በክሎሮፌኒሉ ላይ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ፒሪሜታሚን ሁለቱ ቀለበቶቹ በአንድ ትስስር በቀጥታ ስለተያያዙ ዘወር የማለት ዕድል የለውም። ደብልዩ-አር 99210 በቀለበቶቹ መካከል ተጣጣፊ ድልድይ ስላለው አስፓራጂኑን ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል፤ በ1ጄ3ኬ ውስጥ ከአራቱም ለውጦች ጋር ተቀምጦ ይታያል።

የ59 አርጂኒን ነገር የተለየ ነው። እሱና 51 መድኃኒቱን በቀጥታ አይነኩም። ተጽዕኗቸውን ማየት የሚቻለው በሁለተኛው ዙር ነው፦ መድኃኒቱን የሚነኩትን ቅሪቶች የሚነኩ ቅሪቶች። የመድኃኒቱን ንክኪ ብቻ የቆጠረ ሰው ሁለቱ ምንም ሥራ የላቸውም ብሎ ይደመድማል።

የተሻሻለው የረቂቅ አንቀጽ «ንክኪ ቀነሰ» የሚለውን አውጥቶ ይህን አስገባ፦ በ108 ላይ ከሃይድሮጅን ውጭ ያሉ አቶሞች ንክኪ በሦስቱም ወሰኖችና በሁለቱም ቅጂዎች ጨምሯል፤ ጭማሪው በመነባበር ፈተና ከመድኃኒቱ የመጀመሪያ ቦታ ጋር የሚጋጭ ነው፤ የ51 እና የ59 ለውጦች ከመድኃኒቱ ጋር ቀጥተኛ ንክኪ የላቸውም። የንክኪ ቁጥር የመያዣ ጥንካሬ መለኪያ ተደርጎ አልተወሰደም። የፋይሎቹ መለያዎች፣ የወጡት ቅሪቶችና ወሰኖቹ በዚያው አንቀጽ ተጠቅሰዋል።

ለእኛ አካባቢ የሚቀረው ሦስቱን ለውጦች ብቻ የያዘው ዓይነት ነው። ለእሱ 3ኪውጂ2ን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ 164 በዚያ ሉሲን ነው። በኮምፒውተር ሉሲኑን ወደ አይሶሉሲን መልሶ የጎን ሰንሰለቱን አቀማመጥ መምረጥ ይቻላል። ነገር ግን ሉሲን እና አይሶሉሲን እያንዳንዳቸው 8 አቶም ስላላቸው የቁጥር ለውጥ አይጠበቅም፤ የሚታየው የቅርንጫፉ ቦታ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥም ከክሪስታል የመጡት በአንድ ዓምድ፣ ይህ ሞዴል በሌላ ዓምድ «ሞዴል» ተብሎ ይቀመጣል።